የድረስ ዓይንና የጣሊያኑ ሞተር

ስለ ቀጥቃጩ ድረስ ደብረ ማርቆስ ላይ ብትጠይቁ፣ የሚያስታውሰው ሽማግሌ ከተገኘ፣ «ያ ጣሊያኑን ከነሞተሩ በዓይኑ የበላው?» ይላችኋል። ውሸት ነው። ሰው ግን ከእውነት ይልቅ ውሸትን ለልጁ ማውረስ ይወዳል። እኔ ነገሩን የሰማሁት ከአጎቴ ከአንለይ ነው። አጎቴ ነገሩ በሆነበት ክረምት ለአርበኞች ስንቅ አቀብለሃል ተብሎ ከድረስ ጋር በአንድ ካሚዮን ተጭኖ የተጋዘ፣ ድረስ ሲሞትም አጠገቡ የነበረ ሰው ነው። ድረስ ለማንም እንዳይናገር አስምሎት ነበር። አጎቴም መሐላውን ጠብቆ ኖሮ፣ ነገሩ የሚጎዳው ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ በእርጅናው ነገረኝ። እኔ አልማልሁም፤ ስለዚህ እናገራለሁ።

ድረስ የተወለደው ወደ ሉማሜ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንደር ራቅ ብሎ ወንዝ አፋፍ ላይ ከቆመ የቀጥቃጭ ጎጆ ነው። የቀጥቃጭ ቤት ከመንደር የሚርቀው እሳት ተፈርቶ አይደለም፤ ዓይን ተፈርቶ ነው። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ገና ሳይነጋ ይመጣና «እባክህ ድረስ፣ ዘር እንዳያልፍብኝ» ብሎ ይለማመጣል። ማረሻው ከተሳለለት በኋላ ግን ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ አይቀምስም። ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ ስታገኘው ነጠላዋን በልጇ ፊት ላይ ትጥላለች። ቀጥቃጭ ቡዳ ነዋ! ዓይኑ ያረፈበት ነገር ሁሉ ይታመማል ይላሉ። የአገሩ ማረሻ በሙሉ በእጁ እያለፈ፣ የአገሩ ጤፍ በዚያው ማረሻ ሲበቅል፣ «ይህ ዓይን እህሉንስ ምነው ሳይበላው ቀረ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም።

ሚስቱ ወለተ ሐዋርያት ደህና ከሚባል ገበሬ ቤት የወጣች ነበረች። የአባቷን ማረሻ ለማስመታት ስትመላለስ ለመደችው፣ ወደደችው፣ አንድ ቀን ከጎጆው ገብታ ቀረች። ወገኖቿ ሞታለች ብለው አልቅሰው እርማቸውን አወጡ። እርሷ ግን በሰው ፊትም፣ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲሆኑም፣ «ቡዳ የሚባል የለም፤ ቡዳው የሰው ምላስ ነው» ትል ነበር። ድረስ የሚኖረው በዚህ ቃሏ ነበር። ሌላ ሀብት አልነበረውም።

ከዚያ ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ድክ ድክ ማለት ሲጀምር፣ ድረስ ከመዶሻው ቀና ብሎ «አቤት ሲያምርብህ!» አለው። ልጁ ብዙ ሳይቆይ በትኩሳት ተቀጠፈ። ወለተ ሐዋርያት አልቅሳ ቀበረች፤ ስለዚያች ቃል ግን ትንፍሽ አላለችም። ድረስ ዝምታዋን ፍቅር ነው ብሎ ወሰደው። ነበርም፤ ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሲሰፍር የመኪና መጠገኛ ግቢ አጠረ። ብረት የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ድረስን አመጡት። ባንዳ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ መዶሻ ይዞ ገባ እንጂ ጠመንጃ አልያዘም። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገርና፣ ያ አገር ለቀጥቃጭ ምን ውሎለት ነው ቀጥቃጩ ውለታ የሚቆጠርበት? በግቢው ውስጥ ወልደ ሰንበት የሚባል ቤንዚን ቀጂ ነበር፤ የገበሬ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ለሰው ወሬ ደንታ የሌለው። ይህ ሰው ያለ ምንም ማመንታት ከድረስ አገልግል እጁን ሰድዶ አብሮት ይበላ ነበር። ድረስ በዕድሜው ከሚስቱ ሌላ ከርሱ ጋር የቆረሰ ሰው ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነው። «መጀመሪያ ቀን እህሉ ጉሮሮየ ላይ ቆመ» ብሎታል አጎቴን።

ከግቢው ዕቃ ሁሉ የድረስን ልብ የወሰደው አንድ ሞተር ብስክሌት ነበር፤ ሰዉ በአጭሩ ሞተር ይለዋል። ደብዳቤ የሚያመላልስ አንድ ወታደር በርሱ እየጋለበ ሉማሜና ደጀን ይደርሳል። ሞተሩ ወደ ቆላ ሲወርድ ደህና ነው፤ ወደ ደጋ ሲመለስ ግን ይስላል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ሲይዝ ያነክሳል። ጣሊያናዊው መካኒክ ወደ ቡሬ ከመዛወሩ በፊት ምክንያቱን ለድረስ አሳይቶት ነበር። በደጋ ነፋሱ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላ የሚሏት እሳት የምትጭረው ዕቃ ጥላሸት ትለብሳለች። ይህ ለድረስ ወዲያው ነው የገባው፤ ወናፍ ሲነፋ የኖረ ሰው ከሰሉ በዝቶ ነፋሱ ሲያንስ እሳት እንዴት እንደሚታፈን ያውቃል። ካንዴላዋን ነቅሎ ይፍቃትና ይመልሳታል፤ ሞተሩ ሰንበት ብሎ እንደገና ይስላል።

ድረስ ሞተሩን የሚያዳምጠው በራሱ ዘዴ ነበር። የመዶሻውን እጀታ አንደኛውን ጫፍ ከብረቱ፣ ሌላውን ከጆሮው አስደግፎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይቆማል። አስተርጓሚው፣ ለሳቅ ሲል እናቱን የሚሸጥ ሰው፣ ይህን አየና «ኧረ ዓይንህን አንሣለት! ሞተሩን'ኮ በላኸው!» አለ። ግቢው ሳቀ። ድረስም ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ቀልዱ ግን ከአጥር ውጭ ሲወጣ ቀልድነቱ ቀረ። «እሱ ሲያየው ይታመማል፣ እሱ ሲነካው ይድናል፤ የቡዳ ሥራ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ተባለ። ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች ወለተ ሐዋርያት ስትመጣ ወሬያቸውን እያቋረጡ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ጀመር።

ፍልሰታ ገባ። ወለተ ሐዋርያት ያን ጾም ከወትሮው አጥብቃ ያዘች። ማልዳ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ጠበል ትጠመቃለች፣ ከዚያ በጠበል የተለወሰውን ግራጫ የቤተ ክርስቲያን አመድ፣ እምነት የሚሉትን፣ ግንባሯን ተቀብታ ትመለሳለች። አንድ ቀን የድረስን ምሳ ይዛ ከግቢው ደረሰች። ባሏ ስለሚሠራው ነገር ጠይቃው አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሞተሩ ዘንድ ቀረበች።

«ይኸ ነው የሚያስለው?» አለችው።

«ይኸው ነው።»

«የሚጠጣውስ በየት ነው?»

ድረስ ደስ አለው። ክዳኑን ፈትቶ የቤንዚኑን ሆድ አሳያት። «በዚህ ይጠጣል፤ በዚች ቀጭን ቧንቧ ይወርዳል፤ እዚህ ታች ከነፋስ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ እሳት ይሆናል» አላት። እርሷም ክዳኑ እንዴት እንደሚፈታና እንደሚገጠም በጥሞና ተመለከተች። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳውን ራሷ ማድረስ አዘወተረች። ድረስና ወልደ ሰንበት ከመጋዘኑ ጀርባ ሲበሉ እርሷ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጣ አገልግሉ እስኪመለስላት ትጠብቅ ነበር።

በጾሙ ፍቺ ሰሞን ደብዳቤ አመላላሹ ወታደር ወደ ሉማሜ ሄደና አልተመለሰም። ሞተሩ ዳገት ላይ ሳሉ ተነሣበትና ቀጥ አለ። አርበኞች ከቁጥቋጦው ውስጥ ነበሩ። ወታደሩ ሞተሩን ለማስነሣት ሲረግጥ ሲረግጥ ተመቶ ወደቀ። ለርሱ አላለቅስም፤ በሰው አገር መጥቶ ነው የሞተው። ነገር ግን ሬሳውና ሞተሩ በካሚዮን ተጭነው በገቡበት ሰዓት የግቢው ካፒቴን ወልደ ሰንበትን አስይዞ እጁን አሳሰረ። ቤንዚኑን የሚቀዳው እርሱ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በእጁ፣ ወንድሙ ደግሞ ሸፍቷል ይባላል። ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

ካፒቴኑ ድረስን አስጠርቶ በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለው፦ «ሞተሩን መርምር። በራሱ በሽታ ቆሞ ከሆነ ይህ ሰው ይፈታል። የሰው እጅ ካለበት ቅዳሜ በገበያው መካከል ይሰቀላል። አንተም ብትዋሽ አብረኸው ነህ።»

የወልደ ሰንበት እናት ከግቢው በር ላይ ወድቃ ነበር። ድረስን ስታይ ተነሥታ መጣች፤ ዓይኑን ግን አላየችም። ወደ ጫማው አቀርቅራ «የኔ ጌታ፣ ልጄ ባንተ እጅ ነው፤ በእመቤቴ ይሁንብህ» አለችው። በዕድሜው ጌታ ተብሎ አያውቅም።

ድረስ ዘበኛ ቆሞበት ሥራ ጀመረ። ልቡ በካንዴላዋ ላይ ነበር። «ጠቁራ ባገኛት፣ ይኸው በሽታው ብየ ባሳየሁ» እያለ ነቀላት። ጠቁራለች፤ ግን እርጥብ ነች። ከብረቱ አስጠግቶ ሞተሩን ረገጠ፤ ሰማያዊ እሳት ጫረች። እሳቱ ደህና ነው ማለት ነው። የካንዴላዋን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ ደግሞ ረገጠ፤ ትንፋሹ ጣቱን ገፍቶ ጣለው። ጉልበቱም ደህና ነው። የነፋሱን ማጣሪያ ፈትቶ አራገፈው፤ ያልተደፈነ ነው። እንግዲህ የቀረው ቤንዚኑ ነው። ድረስ ቤንዚንና ነፋስ የሚቀላቀሉባትን ትንሽ ጽዋ፣ ካርቡራቶር የሚሏትን ፈታ።

ከጽዋዋ ሥር ውኃ ነበር። ውኃ ከቤንዚን ጋር አይስማማም፤ ከታች ተንጠባጥቦ ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል። ይህንስ የቤንዚኑ በርሜል ላብ ጥሎ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ከውኃው ሥር ግን ግራጫ ዝቃጭ ተኝቶ፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ደፍኗታል። ጭቃ አይደለም፤ የመንገዱ አፈር ቀይ ነው። በጣቶቹ መካከል አሸው፤ እንደ ዱቄት ላመ።  ይህን አመድ ፍልሰታን ሙሉ ከሚስቱ ግንባር ላይ ሲያየው ነው የሰነበተ።

መጀመሪያ የመጣበት ፍርሃት አልነበረም ይላል አጎቴ፤ ኀዘን ነበር። ጠበል የሚረጨው የቡዳ ዓይን የበላው ላይ ነው። «የለም» ስትለው የኖረች ሴት፣ እርሱ የነካውን ዕቃ ከርሱ ዓይን ልታድን ጠበልና እምነት አፈሰሰችበት። እርሱን ከሰው አፍ ለማውጣት ብላ ያደረገችው ነው፤ ይህንንም ያውቃል። ግን በቡዳነቱ ያመነች ሰው ካልሆነች ይህን አታደርግም። የሞተው ልጁ ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ ዝምታ ምን እንደነበር ገባው።

ፍርሃቱ ቆይቶ መጣ። እውነቱን ቢናገር ቅዳሜ የምትሰቀለው ወለተ ሐዋርያት ነች። ለካፒቴኑ ጠበል ምን እንደሆነ ማን ያስረዳዋል? ዝም ቢል ደግሞ የሚሰቀለው ወልደ ሰንበት ነው። ድረስ ዘበኛው ዞር እስኪል ጠብቆ ዝቃጩን በጣቱ ጠርጎ ጠርጎ ላሰው። እምነት ነውና መዋጥ ነውር የለበትም፤ ግን ቤንዚኑ ጉሮሮውን ላጠው። ጽዋዋን አጥቦ፣ ቀዳዳዋን በሽቦ ከፍቶ፣ ሁሉን በየቦታው ገጠመ። የቤንዚኑን ሆድ ግን ማፍሰስ አልቻለም፤ ያለ ካፒቴኑ ፈቃድ ቤንዚን የደፋ ይገረፋል፣ ዘበኛውም ከላዩ አልራቀ።

ካፒቴኑ መጣ። ድረስ የጠቆረችውን ካንዴላ በመዳፉ ይዞ «ይቺ ናት፤ የደጋው ነፋስ አጥቁሯት ነው» አለ። አዲስ ካንዴላ ገጥሞ ረገጠ። ሞተሩ ተነሣ። ደህና አድርጎ፣ ሳይስል፣ ሳያነክስ ዞረ። የወልደ ሰንበት እናት ከበር ላይ እልል አለች። ካፒቴኑም ራሱን ነቀነቀ፤ ወልደ ሰንበትን ፍቱት ሊል አፉን ከፍቶ ነበር ይባላል። ድረስ ግን የሚያዳምጠው ከሆዱ በቧንቧ እየወረደ ያለውን ነበር። ሞተሩ አንዴ ሳለ። ደገመ። ነጭ ጭስ ተፍቶ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ቀጥ አለ።

ካፒቴኑ በሞተሩ ሆድ ያለውን ቤንዚን በብርጭቆ ማሰሮ አስቀዳ። ማሰሮው ሲረጋ ከላይ ቤንዚን፣ ከሥር ውኃ ሆኖ ተለየ። ማንም ሊስተው አይችልም። ካፒቴኑ ወደ ወልደ ሰንበት በጣቱ አመለከተ፤ ወታደሮች ጎትተው አነሡት። እናቱ ጮኸች።

«እኔ ነኝ» አለ ድረስ።

አስተርጓሚው ዞሮ አየው። «ምን አልህ አንተ?»

«ክዳኑን ፈትቸ ረሳሁት። ዶፉ ሌሊቱን ሲወርድበት አደረ። ጧት ሳየው ፈራሁና ገጥሜው ዝም አልሁ። እሱ ምንም አያውቅ። በልለት።»

 ድረስ ዕቃ የሚረሳ ሰው እንዳልሆነ ከማንም በላይ ወልደ ሰንበት ያውቃል። ግን የሚሰቀል ሰው ከተዘረጋለት እጅ ጋር አይሟገትም፤ አልፈርድበትም። ካፒቴኑ ማሰሮውን እያገላበጠ ብዙ አየው። ከሥሩ የቀረውን ጥቂት ግራጫ ነገር ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻ መስሎት ይሆናል። ዝናብ ከሆነ ገመድ አያስፈልግም አለ፤ ግን የደበቀ ሰው ከዚህ አገር ይወገድ። በሶማሌ በረሃ ወዳለው ግዞት በሚሄደው ካሚዮን ላይ ይጫን ተባለ። አስተርጓሚው ፍርዱን ከተረጎመ በኋላ ከራሱ ጨምሮ «በዓይንህ የበላኸው አንሶህ ነው ውኃ ያጠጣኸው?» አለው። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ከተማው ግን የያዘው ውኃውን አልነበረም፤ ዓይኑን ነው።

ካሚዮኑ የተነሣው በቅዳሜው ገበያ ቀን ነው። አጎቴ አንለይ ከድረስ ጎን በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። ሰዉ ዳርና ዳር ቆሞ ያያል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ወደ ሆዳቸው ያዞራሉ። ወለተ ሐዋርያት ሰዉን ገፍታ መጣችና የካሚዮኑን ጠርዝ ያዘች። ድረስ ዝቅ ብሎ አያት። ፊቷ በልቅሶ አብጧል። «ምነው ጥፋቱን በራስህ ሳታደርግ ብትነግረኝ ኖሮ? ክዳን ረስተህ ነው አሉኝ፤ አንተ ክዳን አትረሳ» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሞተሩን እኔም ላድነው ብየ ነበር። ምሳ ባደረስሁ ቁጥር ጠበል አፈሰስሁበት፤ እምነት ጨመርሁበት። አልበጀ። ያንተ በረታ። በልጃችንም ጊዜ እንዲሁ ነው። እኔ እንደሆን አልከሰስህም፤ ወድደህ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

አጎቴ ሰማ። ድረስ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። «ሞተሩን ያቆመው ጠበልሽ ነው» ቢላት፣ ከቡዳነቱም ከሐሜቱም ነጻ ይወጣ ነበር፤ እርሷ ደግሞ ባሏን በገዛ እጇ እንዳስወሰደች እያወቀች ትኖር ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ ነበር ይላል አጎቴ። ግን አልተናገረም።

ካሚዮኑ ሲነሣ ወለተ ሐዋርያት ከጎኑ እየሮጠች፣ «ድረስ፣ አደራህን!» አለች። «የሰው አገር ነው የምትሄድ። ሰው ቀና ብለህ እንዳታይ። የማንንም ልጅ፣ የማንንም እህል እንዳታይ። እንዳይጠሉብኝ። ዓይንህን መሬት መሬት እያሳየህ ሂድልኝ።»

«እሺ» አላት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አቀረቀረ። እርሷ እስከ ከተማው መውጫ እየሮጠች ስሙን ስትጠራ፣ ካሚዮኑ ሉማሜን ሲያልፍ፣ የዓባይን ቁልቁለት ሲወርድ፣ ድረስ የሚያየው የካሚዮኑን ወለል ነበር። አጎቴ «ቀና በል እንጂ ወንድሜ፣ ሚስትህ'ኮ ነች፤ ዳግመኛ ላታያት ትችላለህ» አለው፤ አልሰማውም። በበረሃው እስር ቤት ንዳድ ይዞት እስኪሞት ቀና ብሎ የሰው ፊት አላየም፤ እህሉን እንኳ የሚበላው ወደ ግድግዳ ዞሮ ነበር። አጎቴ ከግዞት ተመልሶ መርዶውን ለወለተ ሐዋርያት ሲነግራት «ቃሌን ጠበቀልኝ?» ብላ ጠየቀችው። ጠብቋል አላት። እርሷም እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች።